የካውንስሊንግ ማስተርስ በኦንላይን፦ ከመመዝገቤ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ የማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በካውንስሊንግ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ነው። ቀን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ፣ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ስለዚህ ከኦንላይን ውጭ አይሆንልኝም። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀብለውኛል። ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ እኔ ግን አሁንም እያመነታሁ ነው።

ንባቡና አሳይመንቱ አያስፈራኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ተመርቄ ስወጣ ፈቃድ የሚሰጠው አካል «ይሄ የኦንላይን ነው» ብሎ ቢመልሰኝስ? ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሙያ በስክሪን እንዴት ይለመዳል? የተግባር ልምምዱንስ የት ነው የምሠራው? እውነቱን ንገሩኝ፣ ሥራ ሳይለቅ የጨረሰ ሰው አለ?

መልስ፦ ባለፈቃዷ

እህቴ፣ አንቺ ከትምህርት ቤቱ ተነስተሽ ወደ ፈቃዱ እየሄድሽ ነው። ገልብጪው። መጀመሪያ ልትሠሪ ባሰብሽበት ቦታ ፈቃድ የሚሰጠውን አካል ደንብ አውጥተሽ አንብቢ። ምን ዓይነት ዲግሪ፣ የትኞቹን ኮርሶች፣ ስንት የልምምድ ሰዓት እንደሚጠይቅ ወረቀት ላይ ጻፊው። ከዚያ የትምህርት ቤቱን የኮርስ ዝርዝር ከጎኑ አስቀምጪና አንድ በአንድ አመሳክሪ። እኔ ይህን ያደረግሁት ከረፈደ ነው። አንድ ኮርስ ጎድሎኝ ከተመረቅሁ በኋላ ለብቻው ተመዝግቤ ወሰድኩት።

ለምሳሌ አሜሪካን ብንወስድ፣ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝን ካክሬፕ የሚባል አካል አለ። ካክሬፕ ለኦንላይንና ለግቢ የተለያየ መስፈርት የለውም፤ 60 ክሬዲት፣ 100 ሰዓት ፕራክቲከም (የመጀመሪያው የተግባር ልምምድ)፣ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ (ከዚያ የሚቀጥለው ረጅሙ ልምምድ) ለሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብሽ «ኦንላይን ነው ወይ?» ብለሽ ሳይሆን «እውቅናው ከማን ነው?» ብለሽ ነው። ከምረቃ በኋላም ወዲያው ሙሉ ፈቃድ የለም። በሱፐርቫይዘር፣ ማለትም ሥራሽን በሚከታተል ባለፈቃድ ሥር የሚሠራ ሌላ የሰዓት ቁልል ይጠብቅሻል፤ በብዙ ስቴቶች 3,000 ሰዓት አካባቢ ነው።

የዲግሪውን ስምም ልብ በይ። «ሳይኮሎጂ» የሚል ማስተርስ ጥሩ ትምህርት ሊሆን ይችላል፣ ለካውንስለርነት ፈቃድ ግን ላያበቃሽ ይችላል። በስልክ የሚነገርሽን ሁሉ በኢሜይል አስጽፊ።

መልስ፦ ልምምድ ተቀባይ

የልምምዱን እኔ ልመልስ፤ ሥራ ቦታዬ ተማሪዎች እቀበላለሁ። ኦንላይን የሚሆነው ክፍሉ ነው። ለልምምዱ ብዙውን ጊዜ በአቅራቢያሽ ወዳለ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም የማገገሚያ ማዕከል በአካል ትሄጃለሽ። እዚያ ያለው የክፍል ጓደኛ አይደለም፣ ችግር ይዞ የመጣ ሰው ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ባለፈቃዷ ከጠቀሰችው 600 የኢንተርንሺፕ ሰዓት ውስጥ 240ው ከተገልጋይ ጋር በቀጥታ የምትሠሪበት መሆን አለበት። ሁለት ሴሚስተር፣ 30 ሳምንት ብንል፣ በሳምንት 20 ሰዓት ይደርስሻል። ከዚያ ውስጥ 8ቱ ከሰው ጋር ነው። ቀጠሮ የያዘው ሰው ከቀረ ደግሞ ያ ሰዓት ከ240ው ላይ አይቆጠርም። ባዶ ወንበር እያየሽ ትጠብቂና ወደ መዝገብሽ ትመለሻለሽ። ስለዚህ 8 ሰዓት ለማግኘት 11 ወይም 12 ቀጠሮ መያዝ አለብሽ። አብዛኛው ቀጠሮ ደግሞ በሥራ ሰዓት ነው። እኔ ጋ ከመጡት ሥራቸውን የለቀቁት እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው እንጂ ንባቡ ከብዷቸው አይደለም። ከአሁኑ አለቃሽን አናግሪ።

ትምህርት ቤቱን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ የልምምድ ቦታ የምታገኙልኝ እናንተ ናችሁ ወይስ የምፈልገው እኔ ነኝ? ብዙዎቹ «እንረዳለን» ይሉሻል። መርዳት ማለት አንዳንዴ የስልክ ቁጥር ዝርዝር መላክ ብቻ ነው።

ቦታ ስታገኚም የሱፐርቫይዘሩን ፈቃድ አጣሪ፤ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለአንቺ መስጠቱንም አረጋግጪ። ከዚያ ቀረጻ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ። ይቺን ሁሉም ይረሳታል። ትምህርት ቤቱ ከተገልጋይ ጋር ያደረግሽውን ክፍለ ጊዜ ቀረጻ ይፈልጋል፣ ክሊኒኩ ይከለክላል፣ ተማሪዋ መሐል ቤት ትቀራለች። ቢፈቀድም በግል ስልክ አይቀረጽም፣ ተገልጋዩም በጽሑፍ መስማማት አለበት።

መልስ፦ ሦስተኛ ዓመት

በስክሪን ይለመዳል ወይ ላልሽው የራሴን ልንገርሽ። መጀመሪያ ላይ ከክፍል ጓደኛ ጋር በዙም ትጣመሪያለሽ። አንዷ አማካሪ፣ አንዷ ተመካሪ። 20 ደቂቃ ታወራላችሁ፣ ይቀረጻል፣ ከዚያ የተባባላችሁትን ቃል በቃል ትጽፊያለሽ። የእኔን ስጽፍ አፈርኩ። በ20 ደቂቃ ውስጥ 11 ጊዜ «አይዞሽ» ብያለሁ! ስለ እናቷ ልትነግረኝ ስትጀምር፣ አይዞሽ። ዝም ስትል፣ አይዞሽ። ድምጿ ሲሰበርማ ሁለቴ አከታትዬ። መምህሬ ኅዳጉ ላይ የጻፉት አንድ መስመር ነው፦ «ይህን ያልሽው ለእሷ ነው ወይስ ለራስሽ?»

የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ በ1957 ያወጣው ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ሦስት ነገሮች በትምህርቱ ታገኚያቸዋለሽ። ሰውን በእሱ ቦታ ሆኖ መረዳት፣ ሳይፈርዱ መቀበል፣ ሳያስመስሉ መገኘት። ፈተና ላይ በሁለት ደቂቃ ጽፌያቸዋለሁ። ቀረጻዬ ላይ ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ለእኔ የኦንላይኑ ጥቅም ይሄ ነው፦ ሁሉም ነገር ስለሚቀረጽ የሚደበቅ የለም።

ጥቂት የካሜራ ነገር ልጨምር። ስክሪኑ ላይ የሰውየውን ዓይን ካየሽ፣ በእሱ በኩል አንገትሽን የደፋሽ ትመስያለሽ። መስኮቱን አሳንሺና ካሜራው ሥር አስጠጊው። የራስሽን ምስል ደብቂው፣ አለበለዚያ ፀጉርሽን ስታስተካክዪ ትውያለሽ። ድምፅ ትንሽ ስለሚዘገይም ሰው ዝም ሲል ጨረሰ ብለሽ አትግቢ፤ በልብሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ። በልምምዱ ተመካሪ ስትሆኚ ደግሞ ትልቁን ቁስልሽን ይዘሽ አትምጪ። እኔ አምጥቼ ክፍል ፊት አልቅሼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ካሜራዬን አጥፍቼ ነው የተማርኩት።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

ሥራ ሳይለቅ የጨረሰ አለ፣ እኔ ነኝ። ግን የትምህርቱ አቆራረጥ ላይ ተጠንቀቂ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በተለመደው አቆጣጠር በሳምንት 9 ሰዓት ይበላል፤ ይህ 15 ሳምንት ሲሆን ነው። ያንኑ ኮርስ በ8 ሳምንት ከጨመቁት 17 ሰዓት ይጠጋል። «በአንድ ጊዜ አንድ ኮርስ ብቻ!» የሚለው ማስታወቂያ ቀላል ይመስላል፣ ጉዱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። እኔ በዓመት 6 ኮርስ እየወሰድኩ 20ውን ለመጨረስ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

የቀጥታ ክፍል ያለው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነም ጠይቂ፣ በእነሱ ሳይሆን በአንቺ ሰዓት። እኔ ሳላጣራ ገብቼ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እየተነሳሁ ተምሬያለሁ። የሚቆለፍ በር ያለው ክፍልም ያስፈልግሻል። የሰው ምስጢር እየተወራ ልጅ ዘው ብሎ ከገባ ክፍለ ጊዜው እዚያ ላይ ያበቃል።

መልስ፦ ወደ ግቢ የተመለሰው

ሁሉም አበረታታሽ፣ እኔ ትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስብሽ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቴ የልምምድ ቦታ ራስህ ፈልግ አለኝ። 23 ቦታ ደወልኩ። አብዛኞቹ በአቅራቢያቸው ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል ስላላቸው ከሩቅ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ አይቀበሉም። አንድ ሴሚስተር ቆሜ ቀረሁ፣ ከዚያ በአካል ወደሚያስተምር ተዛወርኩ። ያለፍኳቸውን ክሬዲቶችም ሁሉንም አልቆጠሩልኝም። ቦታው በእጅሽ ሳይገባ ሁለተኛውን ዓመት እንዳትጀምሪ።

አንዳንዶቹ ኦንላይን ብለው ለጥቂት ቀናት በአካል ተገኝታችሁ ሠልጥኑ ይላሉ። ልጅሽን ለማን ትተሽ እንደምትሄጂ ከአሁኑ አስቢ።

የማታ ተማሪ መልሳ ጻፈች

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የነገራችሁኝን ይዤ ለሁለቱም ጻፍኩ። የመጀመሪያው በስልክ ደውሎ «እሱን አታስቢ፣ ሁሉም ይስተካከላል» አለኝ። በኢሜይል ጻፉልኝ ስል ሌላ ሰው ጋ አስተላለፈኝ፣ እስካሁን መልስ የለም። ሁለተኛው የእውቅናውን ማስረጃ፣ ከዚህ በፊት ተማሪ የተቀበሉ ቦታዎችን ዝርዝር፣ የቀጥታ ክፍሉን ሰዓት ጭምር ላከልኝ። ኮርሱ ባለ 15 ሳምንት ነው።

አለቃዬን ትናንት አናገርኳት። ሦስተኛው ዓመት ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ልትለቀኝ ተስማማች፤ በጽሑፍ እንድትሰጠኝ ጠይቄያለሁ። ከዝርዝሩ ላይ ለሁለት ክሊኒኮች ደወልኩ። አንዱ በሩን ዘጋው፣ ሌላኛው ቀረጻ እንደሚፈቅዱ ነግረውኝ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ደውይ ብለውኛል። የሴትየዋን ስምና ቀኑን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሦስተኛ ዓመት፣ ትናንት ልጄ ወድቃ እያለቀሰች ስትመጣ አራት ጊዜ «አይዞሽ» እንዳልኳት ቆጠርኩ። ለእሷ ግን ይፈቀድልኝ መሰለኝ።

መልስ፦ ሦስተኛ ዓመት

ለእሷ ይፈቀዳል። ካሜራውን ግን ከፍ አድርጊው።