ጂኤፍፒ-ኤቲጂ8 ይቆረጣል፣ ኦም45-ጂኤፍፒ ግን አይቆረጥም፦ ምልክቱ የት ላይ ነው የሚቋረጠው?

የጣና_እርሾ (ባሕር ዳር)
ሰላም ለዚህ ቤት። በእርሾ ላይ አውቶፋጂን፣ ማለትም ሕዋስ የራሱን ክፍሎች የሚበላበትን ሂደት፣ እየተከታተልሁ ነው። ዝርያው ቢዋይ4741 የተባለ የላብራቶሪ እርሾ ነው። በዋይፒዲ (ግሉኮስ ያለበት፣ ምግብ የሞላው ሚዲያ) አድጎ ኦዲው (የሕዋሱ ብዛት መለኪያ) 0.8 ሲደርስ በሚሊ ሊትር 200 ናኖግራም ራፓማይሲን (ቶርክ1ን የሚዘጋ መድኃኒት) ሲጨመርበት ጂኤፍፒ-ኤቲጂ8 (የአውቶፋጂ ፕሮቲን ከአንጸባራቂው ጂኤፍፒ ጋር ተጣብቆ) በደንብ ይቆረጣል፤ 27 ኪሎዳልተን አካባቢ ነጻው ጂኤፍፒ ጎልቶ ይታያል። ያው ዝርያ ኦም45-ጂኤፍፒ (የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲን ከጂኤፍፒ ጋር) ይዞ ከዋይፒዲ ናይትሮጅን ወደሌለው ኤስዲ (ግሉኮስ ያለበት የተመጠነ ሚዲያ) ሲዛወር ግን ከ6 ሰዓት በኋላም ያልተቆረጠው ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው። ቶርክ1 (ምግብ ሲኖር አውቶፋጂን የሚያግደው ካይኔዝ፣ ማለትም ፎስፌት የሚያስቀምጥ ኤንዛይም) ከተዘጋ አውቶፋጂው ተነሣ ማለት አይደለም? ታዲያ ሚቶኮንድሪያው ለምን ይቀራል? ሆግ1 እና ኤስኤልቲ2 የሚባሉት ካይኔዞችስ የሚገቡት የቱ ጋ ነው?

ደጋ_ጂን (ደብረ ማርቆስ)
ወንድሜ፣ ሁለቱ ሙከራዎች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ቶርክ1 ሲዘጋ ኤቲጂ13 የተሸከመው ፎስፌት ይራገፍለትና ከኤቲጂ1 እና ከኤቲጂ17 ጋር ሆኖ ጅምላውን አውቶፋጂ ያስነሣል። ጂኤፍፒ-ኤቲጂ8 የነገረህ ይህንን ብቻ ነው።

ሚቶኮንድሪያ ተመርጦ እንዲበላ (ይህ ሚቶፋጂ ይባላል) በውጭ ሽፋኑ ላይ የተቀመጠው ኤቲጂ32 ራሱ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ሲኬ2 የተባለው ካይኔዝ ሴሪን 114 እና ሴሪን 119 ላይ ፎስፌት ሲያስቀምጥ ኤቲጂ11 ይይዘዋል፤ ኤቲጂ11 ደግሞ ኤቲጂ1ን እዚያው ድረስ ያመጣዋል። ሴሪን 114 በአላኒን ከተተካ ጅምላው እንዳለ ሆኖ ሚቶፋጂው ክፉኛ ይዳከማል። ሲኬ2 ግን ሁልጊዜ የሚሠራ ካይኔዝ ነው፤ ረሃብ ቀስቅሶ የሚያስነሣው አይደለም። ስለዚህ እኔ ብሆን ዓይኔን የምጥለው ፒፒጂ1 ላይ ነው። ይህ ፎስፋቴዝ ከፋር ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ያንን ፎስፌት መልሶ ያነሣል። ፒፒጂ1 የተሰረዘበት ዝርያ ኤቲጂ32ን ፎስፌት እንደተሸከመ ይዞት ይገኛል፣ ሚቶፋጂውም ይጨምራል። አንድ ቱቦ እሱን ጨምር፤ ጥሩ አዎንታዊ መቆጣጠሪያ ነው።

መራጩ መንገድ የቶርክ1 መዘጋትን የግድ እንደማይጠብቅ ከተጠራጠርህ በመራጩ መንገድ የሚጓዘውን ኤንዛይም ኤፕ1ን ተመልከት። ምግብ ሞልቶ ቶርክ1 እየሠራ ሳለ፣ ኤችአርአር25 ኤቲጂ19 ላይ ፎስፌት አስቀምጦ ከኤቲጂ11 ጋር ያገናኘውና ኤፕ1 ወደ ቫኩዮል (የሕዋሱ መፍጫ ከረጢት) ይገባል። ለአንተም ይጠቅምሃል፦ በዋይፒዲ ያደገውን ናሙና በኤፕ1 ፀረ እንግዳ አካል እየው፤ 61 ኪሎዳልተን የነበረው ወደ 50 ከወረደ ኤቲጂ11 ጤነኛ ነው፣ ችግሩም ከእሱ በላይ ነው።

በእኔ ግምት ግን ችግርህ ከዚህ ሁሉ በፊት ግሉኮስ ላይ ነው። በዋይፒዲ ያደገ ሕዋስ ሚቶኮንድሪያው ጥቂት ነው፣ ኤቲጂ32ም እምብዛም አይመረትም። በዋይፒኤል አሳድገው፦ እርሾ ጭማቂ 1 በመቶ፣ ፔፕቶን 2 በመቶ፣ ላክቴት 2 በመቶ፣ ፒኤቹ ከ5 እስከ 5.5። እድገቱ ይንቀራፈፋል፤ ሰዓት ሳይሆን ኦዲ ቁጠር፣ 0.8 እስከ 1 ሲደርስ ሁለት ጊዜ አጥበህ ናይትሮጅን ወደሌለው፣ 2 በመቶ ግሉኮስ ወዳለው ኤስዲ አዛውረው። በላክቴት ላይ እያለ ናይትሮጅኑን ብቻ ብትነሣው ሚቶፋጂው ደካማ ይሆናል፤ ሕዋሱ ለመኖር ሚቶኮንድሪያውን ስለሚፈልገው አይለቀውም።

ጮቄ (ፍኖተ ሰላም)
ደጋ ያለው ልክ ነው፤ የቀረውን ልጨምር። ኤስኤልቲ2 ለሚቶፋጂም ለፔክሶፋጂም (ፔሮክሲሶም ተመርጦ ለሚበላበት መንገድ) ያስፈልጋል። ሆግ1 የሚያስፈልገው ለሚቶፋጂ ብቻ ነው። ሁለቱም ለጅምላው አያስፈልጉም። ሆግ1 ኤቲጂ32ን በቀጥታ ፎስፎሪሌት ያደርጋል ብለህ ሥዕልህ ላይ ቀስት እንዳታሰምር፤ ያንን የሚያደርገው ሲኬ2 ነው፣ ሆግ1 ከላይ ነው ያለው። ንቃታቸውን ለማየት የአጥቢ እንስሳት ፎስፎ-ፒ38 ፀረ እንግዳ አካል ለሆግ1፣ ፎስፎ-ፒ44/42 ለኤስኤልቲ2 ይሠራሉ።

ጂን በመሰረዝ ለመሥራት ካሰብህ የሲኬ2 ጂኖች የሆኑት ሲኬኤ1 እና ሲኬኤ2 አብረው ከተሰረዙ ሕዋሱ ይሞታል፤ አንዱን ሰርዘህ ሌላውን በሙቀት የሚሰናከል ማድረግ ነው። ቶር1ን መሰረዝም ራፓማይሲንን አይተካም፣ ቶር2 ቦታውን ይሸፍናልና።

ደግሞ ቢዋይ4741 ሚቶኮንድሪያው ደካማ የሆነ ወገን ነው፤ ፔቲት (ሚቶኮንድሪያው የማይሠራ ትንሽ ቅኝ) በቀላሉ ይወጣዋል። ከመጀመርህ በፊት 3 በመቶ ግሊሰሮል ባለው ዋይፒጂ ሳህን ላይ ዝራው። እዚያ ያላደገ ቅኝ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የጣና_እርሾ
እግዜር ይስጥልኝ። ኤስዲው የተዘጋጀው በሊትር 6.7 ግራም «አሚኖ አሲድ የሌለው» የእርሾ ናይትሮጅን ቤዝ (የሚዲያ ዱቄት) ነው።

ጮቄ
ተገኘ! 6.7 ግራም የሚመዘነው በውስጡ 5 ግራም አሞኒየም ሰልፌት ስላለ ነው። እርሾህ አልተራበም። ራፓማይሲን ያለ ረሃብም ቶርክ1ን ስለሚዘጋ ኤቲጂ8 መቆረጡ የሚዲያውን ስሕተት ሸፈነው። «አሚኖ አሲድም አሞኒየም ሰልፌትም የሌለው» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ፈልግ፤ የሚመዘነው 1.7 ግራም ነው። አሚኖ አሲድም አትጨምርበት። ከዚያ ጂኤፍፒ-ኤቲጂ8ን በዚያው ሚዲያ ድገመው፣ በራፓማይሲን ሳይሆን። ኤቲጂ1፣ ኤቲጂ11 እና ኤቲጂ32 የተሰረዙባቸው ሦስቱ ዝርያዎች ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ኦም45 በኤቲጂ32ው ላይም ከተቆረጠ የምታየው ሚቶፋጂ አይደለም።

ደጋ_ጂን
እኔም የዕቃውን ጽሑፍ አልጠየቅሁም፤ ዋይፒኤሉ ግን አሁንም አይቀርም።

ናሙናውን በ10 በመቶ ቲሲኤ (ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ) በበረዶ ላይ አስቀምጥ፣ በቀዝቃዛ አሴቶን ሁለት ጊዜ እጠብ፣ በመስታወት ዶቃ ስበር። ማቅለሚያው ቢጫ ከሆነ አሲድ ቀርቶበታል፤ ጥቂት 1 ሞላር ትሪስ ጨምርበት። ለኤቲጂ32 ፎስፌት ከሆነ ሶዲየም ፍሎራይድና ቤታ-ግሊሰሮፎስፌት አይርሱ፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው ባንድ ፎስፌት መሆኑን በላምዳ ፎስፋቴዝ አረጋግጥ። ናሙናውን «95 ዲግሪ» አሙቅ የሚለውን በፈላ ውኃ አትሞክረው፤ ባሕር ዳር ላይ ውኃ 94 አካባቢ፣ እኛ ጋ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው። የብረት ማሞቂያ ተጠቀም።

አውቶክሌቭም እንዲሁ ነው፦ ጌጁ 103 ኪሎፓስካል ቢያሳይም የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ላይ ዝቅተኛ ስለሆነ ውስጡ 118 ዲግሪ ገደማ እንጂ 121 አይደርስም። ቴርሞሜትሩን እመን። ካልደረሰ ጊዜውን አርዝም፤ ግሉኮሱን ግን ለብቻው በ40 በመቶ አዘጋጅተህ በማጣሪያ አሳልፈው፣ ረጅም ሙቀት ያቃጥለዋል።

ጮቄ
ከጠላ ጥንስስ የተለየ እርሾ ለመጠቀም ለሚያስብ ሌላ አንባቢ፦ ይቻላል፣ ግን እንዲህ ያለው እርሾ አብዛኛውን ጊዜ ዲፕሎይድ ነው፣ ዩራ3 ወይም ሊዩ2 (ለመምረጫ የሚያገለግሉ ጂኖች) የጎደለው አይደለም። ምልክትህ ካንኤምኤክስ (ጂ418ን የሚያስቋቁም ጂን)፣ መምረጫህ መድኃኒቱ ጂ418 በሚሊ ሊትር 200 ማይክሮግራም ይሁን፤ ጂኑንም ሁለት ጊዜ መሰረዝ ይኖርብሃል።