ነጭ መኪና ላይ የተለጠፈ ሬንጅ ቀለሙን ሳይጎዳ እንዴት ይለቃል?

ባለ ነጯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ገና አስፋልት እየፈሰሰበት ባለ መንገድ አልፌ መኪናዬ ጉድ ሆነች። ከጎማዎቹ ኋላ፣ ከበሮቹ በታችና የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተለጥፏል። ትልቁ ምስር ያህላል፣ ትንሹ የመርፌ ራስ። ቀለሟ ነጭ ስለሆነ ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃል። ሁለቴ በሻምፖ አጥቤያታለሁ፣ ንቅንቅ አላለም። ተናድጄ አንዱን በጥፍሬ ስፍቀው ግማሹ ተነሳ፣ ግን ቦታው ላይ ቡናማ እድፍ ቀረ፣ አጠገቡም ቀጭን ጭረት ወጣ። ከዚያ ወዲህ እጄን ሰብስቤያለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ቤንዚን ይላል፣ አንዱ ቲነር፣ ሌላው የምግብ ዘይት። የቱን ልስማ? ሌላም ነገር አለ። የግራው የኋላ በር ተግጭቶ እንደ አዲስ ከተቀባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፣ እሱም ላይ ነጠብጣብ አለበት። እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ቀለም ቀቢ፦

ወንድሜ፣ ቲነሩን አሁኑኑ ከሐሳብህ አውጣው። ቲነር ቀለም ማቅጠኛ ነው፣ ሬንጁንም ያነሳል ቀለሙንም ይዞ ይሄዳል። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ለአፍታ ሊቋቋመው ይችል ይሆናል፣ ያ አዲስ የተቀባው በርህ ግን አንዴ ብትነካው ይለሰልስና ጨርቁ ላይ ነጭ ሆኖ ታየዋለህ። እንዲህ ሆኖ የመጣ በር ደጋግሜ ቀብቻለሁ፣ ባለቤቱ ሬንጅ ሊያስለቅቅ ብሎ ነው የጀመረው።

ሻምፖ ለምን እንዳላስለቀቀው ልንገርህ። ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ወፍራሙ ክፍል ነው። ውሃ አይገባውም። የሚያሟሟው ያው የነዳጅ ዘር የሆነ ቀጭን ፈሳሽ ነው፣ ለሬንጅ ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ስፕሬይም አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ሬንጅ አይፋቅም፣ ይሟሟል። ይህን ከያዝክ ሌላው ቀላል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናዋን በደንብ እጠባት፣ በተለይ ከታች። አሸዋ ካለ ጨርቅህ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። አድርቃት፣ ጥላ ውስጥ አቁማት፣ ቆርቆሮው በእጅህ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ፀሐይ ላይ ከሆነ ፈሳሹ ሥራውን ሳይሠራ ይተናል። ማስለቀቂያውን እንደ አንድ በር በሚያህል ቦታ ላይ ብቻ ንፋና ጠብቅ። አንድ ሁለት ደቂቃ። ዝም ብለህ እየው፦ መጀመሪያ የነጠብጣቡ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ዙሪያው ሻይ የመሰለ ቡናማ ነገር ማውጣት ይጀምራል፣ ከዚያ በቀጭኑ ወደ ታች ይወርዳል። እሱን ስታይ ነው በማይክሮፋይበር ጨርቅ ቀስ ብለህ የምታነሳው። ጨርቁን በየጊዜው ገልብጥ፣ አለዚያ ከአንዱ ያነሳኸውን ሌላው ላይ ነው የምትቀባው። ካልለቀቀ ድገመው እንጂ አትጫን። ፈሳሹ እላዩ ላይ እንዲደርቅም አትተወው። መጀመሪያ ግን በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ሞክርና ጨርቁን እይ።

ስለ ጥፍሩ ደግሞ አትናደድ፣ ግን አትድገመው። ከቀለሙ በላይ ያለው የሚያብረቀርቀው ግልጽ ሽፋን፣ ክሊር የምንለው፣ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው፣ ከፀጉር ይቀጥናል። ምላጭ፣ የብረት ሱፍ፣ የድስት መፈግፈጊያ ስፖንጅ በፍጹም አታስጠጋበት።

የማታ ሹፌር፦

የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ማስለቀቂያው በማይገኝበት ጊዜ ምን እንደምጠቀም ልጨምር። ላምባ። በንጹሕ ጨርቅ ትንሽ ነክሬ ነጠብጣቡ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል አስቀምጠዋለሁ፣ ሳነሳው ሬንጁ ጨርቁ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያው በሳሙና ውሃ አጥባለሁ፣ ምክንያቱም ላምባ ቅባት ይተዋል፣ አቧራ ደግሞ ቅባት ይወዳል። ደብሊውዲ ፎርቲ የሚባለው የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይም ይሠራል፣ ብቻ ወደ ጎማው አካባቢ ስትነፋ ዲስኩና ፍሬን ሸራው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቅ። ጨርቅ ላይ ነፍተህ ብትጠርግ ይሻላል።

ቤንዚንስ ላልከው፣ ያስለቅቃል፣ አልዋሽህም። ግን እኔ አልመክርም። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ እሳት ይይዛል። ላምባ እሳት የሚይዝ ትነት ለመስጠት ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። አጠገብህ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢመጣስ? ላምባውም ቢሆን ከእሳት የራቀ ይሁን፣ የነከርክበትን ጨርቅም ጠቅልለህ መኪናው ውስጥ አትጣለው፣ ውጭ ዘርግተህ ይድረቅ። ጓንት አድርግ፣ ጥቁሩ ላስቲክና ፕላስቲክ ላይም አታፍስሰው።

ላቫጆ የሚሠራ፦

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ ወንድሜ፣ ነጠብጣቡ ሁሉ ጥቁር ነው? ነጭ መኪና ይዘው የሚመጡ ብዙ ሰዎች ሬንጅ ነው ብለው የሚያሳዩኝ ብርቱካናማ የሆነ ጥቃቅን ነጥብ ነው። እሱ ሬንጅ አይደለም፣ ከፍሬን የሚበን የብረት ብናኝ ተጣብቆ ዝጎ ነው። ላምባ ቀኑን ሙሉ ብታሽበት አይለቅም። ለእሱ የብረት ማስለቀቂያ የሚባል ሌላ ፈሳሽ አለ፣ ብረቱን ሲያገኘው ወይን ጠጅ ይሆናል። ከዛፍ የሚንጠባጠብ ሙጫም እንደዚሁ መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ እሱን አልኮል ይሻለዋል።

ስለ ክሌይ ባርም፣ ቀለም ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ ስለሚያነሳው እንደ ጭቃ የሚለጠጥ ነገር፣ ማንም አላነሳም። ትልልቁን ሬንጅ በክሌይ አትጀምር፣ ጭቃው ጠቁሮ ይበላሽብሃል። ሬንጁን በፈሳሽ ካነሳህና ካጠብክ በኋላ መዳፍህን ስታሳልፍ አሁንም ሻካራ ከሆነ ያኔ የሳሙና ውሃ እያረጠብክ ክሌዩን ሳትጫን አንሸራተው። መሬት ከወደቀብህ ጣለው፣ ያነሳው አሸዋ አይታጠብም።

ባለ ነጯ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ጥላ ውስጥ አቁሜ ሠራሁት። እንደተባለው ዝም ብዬ ስጠብቅ ያ ሻይ የመሰለው ነገር እየወረደ መጣ፣ ሳየው ደስ አለኝ። ሦስት ጨርቅ ጠቆረ። የቀኝ ጎን ሙሉ በሙሉ ለቋል። ብርቱካናማ ነጥብም የኋላ በሩ ላይ አግኝቻለሁ፣ ለካ እሱ ነው አልለቅ ያለኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ቀድሞ በጥፍሬ የፋቅኩት ቦታ ላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጥላ አለ፣ የተቀባውን በር ደግሞ ፈርቼ አልነካሁትም።

ቀለም ቀቢ፦

አለመንካትህ ጥሩ ነው። አዲስ የተቀባ ቀለም እላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ነው፣ የያዘውን ማቅጠኛ እየተነፈሰ ሳምንታት ይፈጅበታል። ለእሱ በር የምግብ ዘይቱን ሞክር፣ ጓደኛህ ያለው ለዚያ ቦታ ልክ ነው። ጥጥ ነክረህ ነጠብጣቡ ላይ አሳርፈው፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ቀስ ብለህ አንሳው፣ በለስላሳ ሻምፖ እጠበው። ቀስ ይላል እንጂ ያለሰልሰዋል። ሁለት ሦስት ቀን ቢፈጅብህም ግድ የለም። የቀባልህን ሰው አግኝተህ ምን ዓይነት ቀለም እንደተጠቀመም ጠይቀው። ሰም እዚያ በር ላይ አሁን አታድርግ፣ የቀለም አምራቾች ከ30 እስከ 90 ቀን ጠብቁ ነው የሚሉት።

ሌላው የመኪናዋ ክፍል ግን ሰም ይፈልጋል፣ ማስለቀቂያው የነበረውን አጥቦታል። ሰም ያለበት ቀለም ላይ ሬንጅ እንደዚህ አይነክስም። ቢጫው ጥላ አንዴ በማስለቀቂያው ድገመው፣ ካልሄደ ለእጅ የሚሆን ስስ ፖሊሽ በስፖንጅ ጥቂት እሸው። የጥፍሩ ጭረትም አብሮ ይሄድ ይሆናል። ጥፍርህን በላዩ ስታሳልፍ ይይዝሃል ወይስ ያልፋል? ከያዘህ ፖሊሹን አትቀጥል፣ ፎቶውን ላክልኝ።

ባለ ነጯ፦

ያልፋል፣ አይዝም። ዘይቱን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።