አስቸኳይ፦ ነገ የፌንሲንግ (የሻሞላ ግጥሚያ) ውድድር አለ፣ የነጥቡ መብራት አንዴ ይበራል አንዴ አይበራም

ባሶና (ደብረ ብርሃን)፦ እባካችሁ ፍጠኑልኝ። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ወደ አዲስ አበባ እንነሳለን። ልጅቷ ተጋጣሚዋን ስትወጋ መብራቱ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ዝም ይላል። ነጥብ የሚያሳየው ማሽን ሳይበላሽ አልቀረም። ማሽኑን ልፍታው ወይስ ለሻሞላዋ አዲስ ስለት ልፈልግ?

ጣርማበር፦ የሻሞላው ዓይነት ኤፔ ነው ፎይል? ኤፔ ጫፉ ሲጫን መስመሩ ይገናኛል፣ ፎይል ሲጫን ይቋረጣል። ብልሽታቸው አይገናኝም።

ባሶና፦ ኤፔ።

አንጎለላ፦ ማሽኑን እንዳትነካው! በሌላ ኤፔ የሚሠራ ከሆነ ጤነኛ ነው። መጀመሪያ ቦዲ ኮርዱን (በልብሷ ውስጥ አልፎ ኤፔውን ከማሽኑ መስመር የሚያገናኘውን ገመድ) ቀይር።

መንዜው፦ በዚህ ብርድ ኤፔውም በርኖስ ሳያምረው አይቀርም 😄 ጫፉን በአልኮል ጥረገው። ነጭ ጋዝ ግን አታስነካው፣ ቅባት ትቶ አቧራ ይሰበስባል።

ይፋት፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ከዛሬ ማታ ይሰፋል። ካዴት የሚባለው የውድድር ደረጃ ከ17 ዓመት በታች፣ ጁኒየር ከ20 በታች ነው፤ ልጅቷ እዚያ እንድትደርስ ከፈለግህ መሣሪያ መፈተሽን እንደ እግር ሥራ በየሳምንቱ ታጥናው። በዓለም አቀፍ ደንብ ፒስት (የመጋጠሚያው መስመር) ላይ ሁለት የሚሠራ መሣሪያና ሁለት ኮርድ ይዞ ያልቀረበ ቢጫ ካርድ ያያል።

አንጎለላ፦ ኮርዱን ቀየርከው?

ባሶና፦ ቀየርኩ፣ ያው ነው። በሌላ ኤፔ ማሽኑ ይሠራል።

ጣርማበር፦ እንግዲያው ቴስተር (መስመር ሲገናኝ የሚጮኽ መፈተሻ) አምጣ። ጋርዱ (የእጅ መከላከያው ብረት) ውስጥ ባለው ሶኬት ላይ መሐለኛውንና ከእሱ 15 ሚሊሜትር የሚርቀውን ቀዳዳ ያዝ። ጫፉ ሳይጫን መጮህ የለበትም፣ ሲጫን መጮህ አለበት። 20 ሚሊሜትር የሚርቀው ሦስተኛው ደግሞ ከጋርዱ ጋር ይጮኻል፤ ካልጮኸ የተጋጣሚዋ ጫፍ ጋርዷን ሲነካ እንደ ነጥብ ይበራል።

አሁን ጫፉን ተጭነህ ይዘህ ስለቱን በቀስታ አጉብጠው። ድምፁ ከተቆራረጠ ችግሩ በስለቱ ላይ እስከ ጫፉ የሚሄደው ሽቦ ነው። ካልተቆራረጠ ጫፉን ፍታ፦ ነጭ ጨርቅ ዘርጋ፣ ጫፉን በአውራ ጣት ደግፈህ ሁለቱን ብሎኖች በትንሽ ካቻቢቴ አውጣ። ካልደገፍከው ስፕሪንጉ ያስፈነጥረዋል፣ ብሎኖቹም ከጠፉ አይገኙም። ትልቁ ስፕሪንግ 750 ግራም ክብደት ገፍቶ መመለስ አለበት፤ መስመሩን የሚያገናኘው ትንሹ ስፕሪንግ አጥሮ ወይም ተጣሞ ከሆነ ከመገናኛው አይደርስም፣ መብራቱ የሚቆራረጠውም በዚህ ነው። ስትገጥመው ጋራዥ ውስጥ ቫልቭ የሚለኩበትን የ0.5 ሚሊሜትር ስስ ብረት ከጫፉ ሥር አስገብተህ ተጫን፤ የነጥቡ መብራት መብራት የለበትም። ከበራ ትንሹን ስፕሪንግ በጥቂቱ አሳጥረው።

መንዜው፦ በአልኮል ጠረግከው?

ባሶና፦ ሳጎብጠው ድምፁ ይጠፋል!

ጣርማበር፦ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል። ስለቱ ደኅና ነው፣ አትጣለው። ሽቦው የሚቀመጥበትን የስለቱን ቦይ ጠርጎ ሁለት አዲስ ሽቦ መለጠፍ ይበቃዋል፤ ግን ሙጫው በደንብ ሳይደርቅ ለውድድር አይሆንም። ለነገ ሌላ ኤፔ ተዋስ፣ ከመውጣትህ በፊትም ይህንኑ ፈተና በእሱ ላይ ሥራ።

አንጎለላ፦ ኮርዱም ሁለት ይሁን።