«የማይሞት እንስሳ ኃላፊነት አያስተምርም» ማለት ምን ማለት ነው?

የከዚራዋ እናት፦ ትናንት እዚህ ድሬዳዋ በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስተው «በስልክ እንስሳ ማሳደግ ልጅን ያደነዝዛል፤ የማይሞት እንስሳ ኃላፊነት አያስተምርም» አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። አንጀቴ አርሮ ነው የተመለስኩት። ልጄ የምትጫወትበት የአጎቷ አሮጌ ጋላክሲ ዋይ ስልክ ሲም እንኳን የለውም። ማታ ማታ ፖው የሚባለውን የስልክ ውስጥ እንስሳ አብልታ፣ በሳሙና አጥባ፣ መብራቱን አጥፍታለት ትተኛለች። ምኗ ደነዘዘ?

የሳቢያኑ፦ እህቴ፣ ሰውየው እውነታቸውን ነው። ታማጎቺ የሚባለው የኪስ መጫወቻ እንስሳ በ1989 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ችላ ከተባለ ይሞት ነበር። ፖውን ግን ወር ሙሉ ብትረሳው ተርቦና ቆሽሾ ይጠብቃታል። የሚጠብቅ ነገር አደራ አይሆንም።

የከዚራዋ እናት፦ አምና ጥንቸል ገዛሁላት፤ በግንቦት ሙቀት ሞተባት። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ድመት እንኳን አትነካም። ሞት ያስተማራት ይህንን ነው።

የጀጎል ልጅ፦ እኛ ሐረር ማታ ከግንቡ ውጭ በእንጨት ጫፍ ሥጋ ይዘን ጅብ እናበላለን። ትንፋሹ ፊት ላይ ይሰማል። የስልክ መስታወት አይተነፍስም።

የከዚራዋ እናት፦ የሚያበሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ቆሞ ተመልካች ነው። አሁንማ ለቱሪስት ሆኗል።

የጀጎል ልጅ፦ ለቱሪስት? በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ የምናቀርብለት ለቱሪስት ብለን ነው? ጅቡ ካልበላው ዓመቱ ክፉ ይሆናል ብለን የምንሰጋውስ? ድሬዎች የማታውቁትን አትናገሩ!

ስልክ ጠጋኙ፦ እዚሁ ድሬ የታይዋን ገበያ ሰው ነኝ። በአሮጌ ስልክ ላይ ያለ ፖው እንደሚጠፋ ላስታውሳችሁ። ጎግል ከመስከረም 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድሮይድ 2.3.7ና ከዚያ በታች ባሉ ስልኮች በአካውንት መግባትን ከልክሏል፤ ስልኩ አንዴ ከተደመሰሰ ከፕሌይ ስቶር መልሶ መጫን የለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ባትሪው ያበጠ ስልክ ይዞ መጣ። «ውስጥ ያለው ይርበዋል፤ ዛሬውኑ ይጨርሱልኝ» አለኝ። ክዳኑን ስከፍት፣ ባትሪውን ስቀይር፣ እስኪበራ ድረስ ጣቶቹን ከጠረጴዛዬ ጠርዝ አላነሳም።

የሳቢያኑ፦ ይኸው! እንዳይጠፋበት ፈርቶ ነው። እኔስ ያልኩት ምንድን ነው?

የከዚራዋ እናት፦ መልሰው ያንብቡት። ልጁ «ይርበዋል» ነው ያለው፤ «ይሞታል» አላለም።

የሳቢያኑ፦ ልጅ ሁለቱን አይለይም።

የከዚራዋ እናት፦ የእኔ ልጅ ትለያለች። ጥንቸሏን የቀበርናት አብረን ነው።