ነጭ ሀበሻ ቀሚስ ቤት ውስጥ ለማንሳት ከኋላ ምን ዓይነት ጨርቅ ልስቀል?

ጥበብ በቤቴ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሀበሻ ቀሚስ እየሰፋሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ለፎቶ የምትለብስልኝ ታናሽ እህቴ ናት፤ የማነሳው እኔው በስልኬ ነው። ቤታችን የኪራይ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ 3 በ4 ሜትር ቢሆን ነው፣ ጣሪያው 2 ሜትር ከግማሽ ገደማ። አከራያችን ግድግዳ ላይ ሚስማር እንዲመታ አይፈልጉም።

እስካሁን ነጭ አንሶላ በሲባጎ ሰቅዬ ነው የማነሳው። ነጩ ቀሚስ ከነጩ አንሶላ ጋር ይዋሃዳል። የእህቴ ፊት ጠቁሮ ይወጣል። የአንሶላው መጨማደድ ሁሉ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደንበኞች «እስኪ ጥበቡን በቅርብ አሳዪን» እያሉ ይጽፉልኛል። ስቱዲዮ ለመከራየት አቅሙ የለኝም። በትንሽ ብር ምን ጨርቅ ልግዛ? ሚስማር ሳልመታስ በምን ልስቀለው?

ፎቶ አንሺው ከጎፋ

እህቴ፣ መጀመሪያ አንሶላውን አውርጂው። ጥራቱ አይደለም ያስቸገረሽ፣ ቀለሙ ነው። ስልክ ከፊቱ ያለው ሁሉ ነጭ ሲሆንበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጩ ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ ፊቷም አብሮ ይጠቁራል። ብዙ ሰው ቆንጆ ጠይም ልጅ በነጭ ፊት ያቆምና ካሜራውን ይወቅሳል።

የኋላው ጨርቅ ከቀሚሱ ጠቆር ማለት አለበት፣ ከቆዳዋም መለየት አለበት። እኔ ለሀበሻ ቀሚስ ከሁሉም አስቀድሜ የምመርጠው መካከለኛ ግራጫ ነው። ጥበቡ ቀይም ይሁን ወርቅማ ወይም ሰማያዊ፣ ግራጫ ላይ ሁሉም ይወጣል። የወይራ ቅጠል የሚመስለው ደብዛዛ አረንጓዴም ያምራል። ቡናማ ካማረሽ ሱቅ ውስጥ ጨርቁን እህትሽ ጉንጭ አጠገብ ያዢው፤ ከቆዳዋ ጋር ከተመሳሰለ ተይው። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ግን አልመክርሽም። ቀለማቸው እየነጠረ ነጩ ጥጥ ላይ ያርፋል። ነጭ ብለሽ የሸጥሽው ቀሚስ ፎቶው ላይ ሮዝ ከሆነ ደንበኛሽ ሲደርሳት ቅር ይላታል።

የሚያብረቀርቅ ጨርቅም አይሁን። ሳቲን ብርሃን ይመልሳል፤ እያንዳንዱ እጥፋት ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ወፈር ያለ፣ የማያበራ የመጋረጃ ጨርቅ ወይም ደህና አቡጀዴ ይበቃል። ጥቁር ከፋይ ብርሃኑን ውጦ ስለሚያስቀረው መጨማደዱ እንኳ አይታይም። ግን አቧራና የጥጥ ብናኝ ይሰበስባል። ጥቁር ፀጉርም ውስጡ ይጠፋል። ስለዚህ ለሙሉ ቀሚስ ሳይሆን ለመስቀል፣ ለጉትቻና ለድሪ አስቀምጪው።

አሁን መስቀያው። ሲባጎውን እርሺው። መሀሉ ይረግባል፤ ሲረግብ ጨርቁ ከሁለት ጫፍ ወደ መሀል እየተሳበ ሰያፍ መጨማደድ ያወጣል። እሱን ካውያ አያድነውም። ከላይ የሚያስፈልግሽ ቀጥ ያለ ግትር ነገር ነው። ሁለት ቀጥ ያለ ቀጭን የባህር ዛፍ አጣና ግዢ፣ ከጣሪያሽ ትንሽ ያጠሩ። ሁለት ባዶ የቀለም ባልዲ ምን አለሽ ተራ አታጪም። አጣናዎቹን ባልዲ ውስጥ አቁሚና ግራ ቀኙን በድንጋይ አጥብቀሽ አሸዋ ሙዪው። ብዙ ሰው ሲሚንቶ ያደርጋል። አንቺ ግን ኪራይ ቤት ነሽ፤ አሸዋውን ቤት ስትቀይሪ ትደፊዋለሽ። ከላይ የመጋረጃ ብረት ወይም ወፈር ያለ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ በአግድም አስረሽ ጨርቁን እሱ ላይ ስቀዪው። ግድግዳው አይነካም። አከራይሽም ቅር አይላቸውም።

ከምንም በላይ ግን ርቀት። እህትሽ ጨርቁን ተደግፋ አትቁም። ለግማሽ አካል ፎቶ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ፊት ትምጣ። ያኔ ጥላዋ ጨርቁ ላይ አይወድቅም፣ የጨርቁም ቀለም ቀሚሱ ላይ አያርፍም። ለሙሉ ቁመት አንድ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከራቀች የጨርቁ ጠርዝ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ቦታ ካነሰሽ በሩን ክፈቺና ከኮሪደሩ አንሺ።

ብርሃኑ ከጎን ካለ መስኮት ይምጣ፣ ስስ ነጭ መጋረጃ ተጋርዶበት። የክፍሉን አምፖል አጥፊው፤ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲደባለቅ ነጩን ያበላሸዋል። በሌላኛው ጎን ነጭ ካርቶን ብታቆሚ የጨለመው ጉንጭ ይበራል። የውጭ መጻሕፍት የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኘውም ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታደላለች። ስለዚህ መስኮትሽን አይተሽ ሰዓትሽን ምረጪ። እኔ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ያለውን ብርሃን እወዳለሁ።

ስታነሺ የስልኩ ስክሪን ላይ ቀሚሱን በጣትሽ ንኪና የሚወጣውን የብርሃን ምልክት ትንሽ ወደ ታች አውርጂ። ደረት ላይ ያለው የጥበቡ ክር አንድ በአንድ እስኪለይ ድረስ። ሸማኔው እዚያ ላይ ስንት ቀን ጎንበስ ብሏል፤ ያ ሥራ መታየት አለበት። ለጥበቡ ብቻ ሁለት እጥፍ አቅርበሽ ለብቻው አንሺው።

መርፌና ክር

የኔ ልጅ፣ ወንድማችን በደንብ ነግሮሻል፤ እኔ ስለ ጨርቁ ብቻ ልጨምርልሽ። መጋረጃ ስሰፋ ነው የኖርኩት።

ብዙው የሜትር ጨርቅ ወርዱ ሜትር ተኩል ነው። ለግማሽ አካል ይሆንሻል፣ ለሙሉ ሀበሻ ቀሚስ ግን አይበቃም። ቀሚሱ ዘርጋ ሲል ጠርዙ ላይ ይደርሳል። ሁለት ወርድ ብትጋጥሚ ደግሞ ስፌቱ መሀል ላይ እንደ ዘንግ ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ወርዱ 2 ሜትር ከ80 የሆነውን የመጋረጃ ጨርቅ ጠይቂ፤ አለ። ቁመቱን 5 ሜትር ያህል አስቆርጪ። ከላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ወደ ፊት እስኪተኛና እህትሽ እላዩ ላይ እስክትቆም ድረስ ማለት ነው። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ላይ አትጠፊው፣ ለስለስ ብሎ ይዙር።

ከላይ ሰፋ አድርገሽ ቀምቅሚው፣ ቱቦው በውስጡ እንዲያልፍ። ከዚያ በኋላ መቆንጠጫ የሚያስፈልግሽ ለጎኑ ብቻ ነው። ጎንና ጎኑን ከአጣናው ጋር በልብስ መቆንጠጫ ሳብ አድርገሽ ያዢው። መጨማደዱ ገና እየታየ ካስቸገረሽ ከተሰቀለ በኋላ ውኃ ርጪበትና ተይው፤ እየደረቀ ራሱ ይዘረጋል።

የሜሪላንዷ እናት

እኔ ለልጆቼ ልደት የምጠቀመው ቀለም ቀቢዎች ወለል የሚሸፍኑበትን ወፍራም የሸራ ጨርቅ ነው። እዚህ የግንባታ ዕቃ መደብር ሁሉ ይሸጠዋል። 2.7 በ3.6 ሜትር ገደማ የሆነው ለሁለት ልጆች ይበቃል። ቀለሙ እንደ ገብስ ዓይነት ስለሆነ ለነጭ ቀሚስ አይሆንሽም፣ ባለ ቀለም ልብስ ላይ ግን በጣም ያምራል። ስፌት የሌለውን መምረጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተመሳሳይ ሸራ ካለ የምታውቁ ንገሯት።

ጥበብ በቤቴ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ዘንድ ሰፋ ያለ፣ ያልተነካ አቡጀዴ አለ። ወርዱ ሜትር ተኩል ነው፤ ለግማሽ አካል ይሁንልኝ ብዬ ነው። ግራጫ ላደርገው እችላለሁ? ቀለም ነው የምነክረው ወይስ የምቀባው? ደግሞ ስልኬ ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዝ ፖርትሬት የሚባል አለው። እሱን ብጠቀም ጨርቁ ጭራሽ ላያስፈልገኝ ይችላል?

ፎቶ አንሺው ከጎፋ

ከፖርትሬቱ ልጀምር። ለፊት ፎቶ ደህና ነው። ለአንቺ ግን የነጠላው ዘርፍ ላይ ይሳሳታል። ቀጫጭኑን ክር ከኋላው ጋር ደባልቆ ያደበዝዘዋል። ከርዳዳ ፀጉር ዳር ዳሩንም ይቆርጠዋል። የምትሸጪው የእጅ ሥራ ነው፣ ዘርፉ ተቆርጦ መታየት የለበትም። ጨርቁን አትተዪ።

አቡጀዴውን ቅቢው። ይህን ሥራ በጣም ነው የምወደው። የድሮ ፎቶ ቤቶች ከኋላ ይሰቅሉት የነበረው ሥዕል ያለበት መጋረጃም በእጅ የተቀባ ነበር፤ አባቶቻችን ቆመው የተነሱት እሱ ፊት ነው።

ሳታጥቢ አትጀምሪ። አዲስ አቡጀዴ ሙጫ አለው፣ ሲታጠብም ይሰበሰባል። በሙቅ ውኃ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ተኩሺው። ከዚያ ግቢ ውስጥ ፕላስቲክ አንጥፈሽ በላዩ ዘርጊው፣ አራቱን ማዕዘን ድንጋይ ጫኚበት። ለግድግዳ የሚሆነውን በውኃ የሚቀጥነውን ፕላስቲክ ቀለም ግዢ። የሚያብረቀርቀው የዘይት ቀለም አይሁን። ነጭ ላይ ጥቁር ጠብ እያደረግሽ መካከለኛ ግራጫ አውጪ፣ ትንሽ ቡናማ ብትጨምሪበት ሞቅ ይላል። ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክረሽ አድርቀሽ እይው። እንደ አጥሚት እስኪፈስ አቅጥኚው፤ ወፍራም ቀለም ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

በሰፊ ብሩሽ ወዲያና ወዲህ እያቋረጥሽ ቅቢ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሁን። ገና እርጥብ እያለ ስፖንጅ ይዘሽ ከዚያው ግራጫ ፈካ ያለውን መሀሉ ላይ፣ ጠቆር ያለውን ዳር ዳሩ ላይ ነካ ነካ አድርጊበት። ፊቷ የሚያርፍበት አካባቢ ፈካ ሲል ፀጉሯ ከጨርቁ ይለያል። ቅርብ ሆነሽ ስታዪው ዝብርቅርቅ ይመስልሻል፤ አንድ ሜትር ተኩል ርቃ ስትቆም ግን ለስላሳ ደመና ይሆናል።

ከተቀባ በኋላ አጥፈሽ አታስቀምጪው፣ የእጥፋቱ መስመር አይለቅም። በቱቦው ላይ ጠቅልለሽ በር ኋላ አቁሚው። ግን በደንብ ሳይደርቅ አትጠቅልዪው፣ ቀለሙ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ክረምት ላይ ከሆንሽ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሁለት ቀን ይደር።