ወንድሜ ታክሞ ወጥቷል፣ ቤታችን ግን ሰላም የለውም

ጥያቄ (እህቱ)
ወንድሜ የአእምሮ ሕመም ታክሞ በቅርቡ ቤት ገብቷል። መጠጥም አለበት። አባቴ ሰው ፊት ሳይቀር "ስንፍና እንጂ ምንም የለበትም" ይላል። እናቴ ደግሞ ሌሊት እየተነሳች ትንፋሹን ታዳምጣለች። ሰክሮ ሲያድር ለመሥሪያ ቤቱ "ጉንፋን ይዞት ነው" ብላ የምትደውለውም እሷ ናት። የእኛ ጠባይ ለውጥ ያመጣል እንዴ?

መልስ (የአእምሮ ሕክምና ነርስ)
እንዴታ! በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪው ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ተከታተሉ። ወላጆቻቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው ጋ የተመለሱት፣ ወንድም እህት ጋ ወይም የኪራይ ክፍል ከገቡት ይልቅ ብዙ ጊዜ አገረሸባቸው። በኋላ የመጡ ጥናቶች ሕመሙ እንዲያገረሽ የሚገፉ ሦስት የቤተሰብ ጠባዮችን ለዩ፦ ነቀፋ፣ ጥላቻ፣ እና (ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው) ከልክ ያለፈ ጥበቃ። ስለዚህ እናትሽም አሉበት። ሕመሙን ያመጣው ቤተሰብ ነው ማለት ግን አይደለም፤ እንዲያ ብለሽ እንዳትነግሪያቸው። ከአልጋ አለመነሳትና ዝምታ የሕመሙ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ለአባትሽ ሐኪሙ ይንገራቸው። ከልጅ አፍ ሲሰሙት ክርክር ነው የሚሆነው።

መልስ (ከመጠጥ የወጣሁ)
"አንተ እኮ አትለወጥም" ስባል ቀጥታ መጠጥ ቤት ነበር የምሄደው። ታላቅ ወንድሜ ግን ስሰክር አያናግረኝም። ጠዋት ራሴን ሳውቅ "ማታ በሩን ስትደበድብ ልጆቹ ፈርተው አለቀሱ፤ ሁለተኛ እንዲህ ሆነህ ብትመጣ አልከፍትም" አለኝ። በቃ። ስድብ የለ፣ ያለፈውን መቁጠር የለ። እሱ ነው የከነከነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ውሸት አቁሙ።

መልስ (ሌላ አባል)
ምን ያስለፋችኋል? ቆልፉበት። በሳምንት ይተወዋል።

መልስ (ነርሱ)
ኧረ በፍጹም! በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያቃዠው፣ ሊጥለው ይችላል፤ የሚሞትም አለ። በሐኪም ክትትል ነው የሚቆመው። መጠጡንም ለሐኪሙ አትደብቁ፤ ሁለቱ አብረው ካልታከሙ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል።

ጠያቂዋ
አባቴን ለቀጠሮው ይዤው እሄዳለሁ። እናቴን ግን ማን ይቻላት?

መልስ (ከመጠጥ የወጣሁ)
ሁሉንም ባንዴ አትቀሟቸው። መጀመሪያ እናትሽ ለመሥሪያ ቤቱ መደወሉን ይተዉለት፤ ቀረሁ ካለ ራሱ ይደውል። መድኃኒቱን መዋጡን ማታ አንዴ ይጠይቁትና ይተኙ። ሌሊቱን አንቺ ተረከቢያቸው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጋ ትዕግሥት አይገኝም።