የአሎሎ ወርዋሪያችን ቢኤምአይ 27.7 ሆነ፤ እውነት ስብ በዝቶበታል?

ጥያቄ (ምክትል አሰልጣኝ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። በክለባችን የአትሌቶቹ ሁሉ ክብደትና ቁመት ተለካ። አሎሎ ወርዋሪው ቁመቱ 1.72 ሜትር፣ ክብደቱ 82 ኪሎ ነው። ቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) 27.7 ስለወጣ «ከልክ ያለፈ ክብደት» ተብሎ ምግብ እንዲቀንስ ተነገረው። ልጁ 22 ዓመቱ ነው፤ ሆዱ እንደ ጣውላ የተደለደለ፣ ከሁሉም የከበደ ብረት የሚያነሳ። ስቡን በምን እንለካ?

መልስ (ጤና መኮንን፣ ደብረ ሲና)፦ አሰልጣኝ፣ ቢኤምአይ ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ማካፈል ነው፤ ጡንቻንና ስብን አይለይም። መነሻው ቤልጅየማዊው ኬትሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕዝብን አማካይ ለማጥናት የሠራው ስሌት ነው። «ከልክ ያለፈ ክብደት» የሚጀምርበት 25 የሚለው ወሰንም ለጎልማሳው ሕዝብ በጠቅላላ የወጣ ነው። ወገቡን በሜትር ይለኩት፤ ከቁመቱ ግማሽ፣ ከ86 ሳንቲሜትር በታች ከሆነ አይስጉ። ዕድሜያቸው 18 ላልሞላቸው ልጆች ግን በዕድሜና በፆታ የተዘጋጀው ሠንጠረዥ እንጂ ይህ ወሰን አይሠራም።

መልስ (የቀድሞ ወርዋሪ፣ መሐል ሜዳ)፦ እባካችሁ ምግቡን አትቀንሱበት! የወርዋሪ ጉልበት ከዚያው ነው የሚመጣው። የቆዳ እጥፋት መለኪያ ካሊፐር ፈልጉ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ፣ በቀኝ በኩል፣ ከልምምድ በፊት ይለካ፦ የክንድ ጀርባ፣ ከትከሻ አጥንት ሥር፣ ከእምብርት ጎን፣ ጭን። ድምሩን በሚሊሜትር መዝግቡ፤ ወደ ስብ መቶኛ መለወጥ ስህተት ይጨምራል። ክብደቱ ጨምሮ ድምሩ ባለበት ከቆመ የጨመረው በአብዛኛው ጡንቻ ነው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዲት የ19 ዓመት የ10,000 ሜትር ሯጭም አለች፤ 1.64 ሜትር፣ 47 ኪሎ፣ ቢኤምአይ 17.5። «ለሯጭ ጥሩ ነው» ተባለች። ጾሙንም ትጾማለች።

መልስ (ጤና መኮንን፣ ደብረ ሲና)፦ እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ እርሷ ናት! ከዝቅተኛው የቢኤምአይ ወሰን፣ ከ18.5፣ በታች መሆን ብቻውን ሕመም አይደለም፤ እግረ ረጅም ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይልበታል። ነገር ግን የምትበላው ለምትሮጠው ካልበቃ የወር አበባዋ ይቀራል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ ቅልጥሟ ከተደጋጋሚ ጫና የተነሳ ይሰነጠቃል። የወር አበባዋ በየወሩ መምጣቱን ሴት ባለሙያ በግል ትጠይቃት። ሦስት ወር ከቀረ ወይም ቅልጥሟን አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት የሚያማት ከሆነ ልምምዱን አቁማ ሆስፒታል ትሂድ። ጾሟን ሳትተው ከባዱን ልምምድ ወደ መግደፊያዋ ሰዓት አስጠጉላት፤ እንደጨረሰች በሶ በተልባ፣ ከዚያ ምስርና ሽሮ ጠገብ አድርጋ ትብላ።